የጋቢናው ጣራ

እናቴ የደወለችልኝ አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ የሰው ዜና እያረምኩ ሳለሁ ነው። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። ነገር ሲከፋ የምትረጋጋ ሰው ነች፤ እኔም ያንን ጠባይ ከእሷ ወስጄ እንጀራዬ አድርጌዋለሁ።

«አባትህን የባጃጅ ልጆች ከመናኸሪያ አምጥተው አስረከቡኝ» አለች።

«ምን ሊያደርግ ሄዶ?»

«እዚህ አቁሜው የነበረውን መኪናዬን ማን ወሰደብኝ እያለ ተራ አስከባሪውን ሲያፋጥጥ ነው ያገኙት።»

መኪናው የትም አልሄደም። ሸዋ ሮቢት፣ ቤታችን ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ነው ያለው። ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ጎማው መሬት ውስጥ ሰምጧል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፊቱን የሚታጠበው ኮፋኖው ላይ በተቀመጠ ጆግ ነው።

በዘጋቢነት ብዙ ቆይቻለሁ። ክፉ ወሬ ስሰማ እስክሪብቶ አንስቶ «የት? መቼ? ማን አየ?» ማለት ከለመደብኝ ቆየ። የዚያን ቀንም ጠየቅኩ፤ እናቴም መለሰችልኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳርመው የነበረውን ዜና ደጋግሜ ባነበውም ስለ ምን እንደሚያወራ ሊገባኝ አልቻለም። አባቴ መኪናውን መርሳቱ ለእኔ ስሙን ከመርሳት ይብስ ነበር።

ፈቃድ ወስጄ ወረድኩ። ሐኪሙ የመርሳት ሕመም መሆኑን፣ መዳኛ እንደሌለው፣ ቀድሞ የተለማመደው ነገር ግን መጨረሻ ላይ እንደሚጠፋ ነገረን። «የሚያውቀውን ነገር አታርቁበት» አለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ወደ ጓሮ አየ፤ መኪናውን አየ፤ ጫማውን አራግፎ ገባ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። መኪናውን አስነስቼ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲያየው ያውቀዋል። መኪናውን ካወቀ እኛንም ያውቀናል። ማስረጃ የሌለው ነገር መጻፍ የማልወድ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን ምንም ማስረጃ አልነበረኝም።

መኪናው ሰማያዊ ፒክአፕ ነው። ኮፋኖው ረጅም፣ ጋቢናው ጠባብ፣ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒው ግን ሰፊ። አባቴ በእሱ ሽንኩርትና ማሾ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሰው እየጫነ ከሮቢት በካራቆሬ በኩል ማጀቴ ድረስ ይሠራ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፤ ከላይ የተሳፈረ ሰው ቢጣራ ሾፌሩ አይሰማም። ስለዚህ መውረድ የፈለገ ሰው የጋቢናውን ጣራ አንዴ ይመታል። ያ «ወራጅ አለ» ነው። ረዳቱ ሰውየውን ካወረደ በኋላ ሁለቴ ይመታል። ያ ደግሞ «ቀጥል» ነው። ልጅ ሆኜ ጋቢና ስቀመጥ አባቴ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ የሌላኛውን መዳፍ ጣራው ላይ ለጥፎ ሲነዳ አየው ነበር። መኪናው ስለሚዘል ጣራውን ደግፎ የያዘው ይመስለኝ ነበር። ያ ሁሉ ቡጢ ያረፈበት ቦታ፣ ልክ ከአባቴ ጭንቅላት በላይ፣ እንደ ሰሃን ጎድጉዶ ቀርቷል።

ቆርቆሮ የሚያቃና ባትላሜራ ፈልጌ ከካራቆሬ አንድ ሰው አመጡልኝ። ጎልማሳ፣ ወፍራም፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ማንጎው ሥር ቆሞ መኪናውን ዞረው።

«ይሄ መኪና ነው የዶሮ ቤት?» አለ።

«ሁለቱም ነው» አለች እናቴ ከኩሽናው በር። «እንቁላል ካገኘህ አምጣ።»

ወንበሩን ሲያነሳ ያገኘው ግን እንቁላል አልነበረም። ቡናማ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያ ወፍራም ሰውዬ ከጋቢናው በመስኮት በኩል እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ወላሂ እኔ የእባብ መካኒክ አይደለሁም!» አለ አጥሩ ጋ ደርሶ። አባቴ ዱላውን ይዞ ተነሳ፣ እባቡን አንዴ አለውና ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እንግዳ ሰው አስደነገጠብን» አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

ሥራው እኔ ከገመትኩት በላይ ረዘመ። ከአዲስ አበባ እየተመላለስኩ አሠራሁት። ሞተሩን ሌላ መካኒክ አውርዶ አደሰው። የካሶኒው ወለል በዝገት ወንፊት ሆኖ ስለነበር ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። በሮቢት ሙቀት ቀለም የሚቀባው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። የመጀመሪያውን ቀለም እኩለ ቀን ላይ ቀብተነው እንደ ጤፍ ሊጥ ዓይን አወጣ፤ ሙሉውን ፍቀን እንደገና ጀመርን። አባቴ በየቀኑ በርጩማውን እያቀረበ ያይ ነበር። ለሠራተኛው ውሃ ያቀብላል፤ «አይዞህ፣ በርታ» ይላል። የማን መኪና እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀም። አለመጠየቁን እንደ ማወቅ ቆጠርኩት።

ማደስ ከተጀመረ በኋላ ማሳመር ይመጣል። ባትላሜራው «አሁን እንዲህ ተለፍቶ በዚያ ሰማያዊ ቀለም ይውጣ? ያሳፍራል» አለ። የወይን ጠጅ ቀለም መረጥን። ሰፋፊ ጎማና ጎማው የሚገጠምበት የሚያብረቀርቅ ቸርኬ እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ ይዤ መጣሁ። አባቴን ሙቀት እንዳይጎዳው ኤሲ አስገባሁ። ቴፕ አስገባሁ። ወንበሩን በቆዳ አስለበስኩ።

ጣራው የባትላሜራው ኩራት ነበር። በጀርባው ተኝቶ ከውስጥ፣ ቆሞ ከውጭ፣ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ ሲያቃናው ሰነበተ።

«ማን ነው ይሄን ጣራ እንዲህ የወቀጠው?» አለኝ።

«የማጀቴ ገበያተኛ» አልኩት።

«በዚህ ሁሉ ጡጫ የወረደ ሰው አለ? ወይስ እየመቱ ደሴ ገቡ?»

ካቃናው በኋላ ጩኸት እንዳያስገባ ከውስጥ በኩል ወፍራም ስፖንጅ ለጥፎ በቆዳ ለበደው። በሩን ዘግተን ውስጥ ስንቀመጥ የማንጎው ወፎች ድምፅ እንኳ ጠፋ። «አሁን መስጊድ መሰለ» አለ ጣራውን በመዳፉ እያሻሸ።

እናቴ ብቻ ቡናማውን ቆዳ ስታይ ቆየችና «ድሮ እንደነበረው ብታደርገውስ?» አለችኝ።

«ድሮ እንደነበረው ከሆነማ አይመችም፣ እማዬ።»

ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

ሥራው ያለቀ ቀን እናቴ አባቴን አለበሰችው፤ ኮቱን፣ ኮፍያውን። ማንጎው ሥር ይዘነው ሄድን። ባትላሜራው መኪናውን ለመጨረሻ ጊዜ በጨርቅ እየወለወለ ነበር፤ ሲያየን ፈንጠር ብሎ ቆመ። አባቴ መኪናውን አንድ ዙር ዞረው። ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ነካው። መስታወቱ ውስጥ ፊቱን አየ፣ ኮፍያውን አስተካከለ።

«ያምራል» አለ። «የማን ነው?»

«ያንተ ነው፣ አባባ።»

ፈገግ አለ፤ የሰው ዕቃ ያንተ ነው ሲባል እንደሚያፍር ሰው። «አይ፣ የእኔስ ሰማያዊ ናት» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ ኮፍያውን አነሳልኝ። «አንቱ ነዎት የገዟት? ይባርክልዎ።»

የገዛ አባቴ አንቱ አለኝ።

እንደ ሥራዬ ልማድ፣ ያየሁትን ብቻ ላስቀምጥ። ባትላሜራው ጨርቁ ከእጁ ወደቀበት፤ አላነሳውም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አባቴ ሰላምታ መስሎት ጨበጠኝ። ጠንካራ አጨባበጥ ነበር፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ።

«ልጅህ እኮ ነው!» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። አለማወቁ የታየው ከፍጥነቱ ነው።

መሄድ ሲጀምር ያስታውሰዋል አልኩ። ሌላ የቀረኝ ተስፋ አልነበረም። የካራቆሬ መንገድ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቄ፣ አባቴን ጋቢና አስቀምጬ መሪውን ያዝኩ። ባትላሜራው «የኋላ ጎማው ባሌስትራ ድምፅ ካለው ከላይ ሆኜ ልስማ» ብሎ ካሶኒው ላይ ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሸኘችን።

ከከተማው ወጣን። መስኮቱን ዘግቼ ኤሲውን ለቀቅኩ፤ ቴፑን ከፈትኩ። ውጭ ሙቀቱ አስፋልቱን ውሃ ያስመስለዋል፤ ውስጥ ግን ደጋ ነው። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሰው መኪና በውለታ የተሳፈረ ሰው ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሽንኩርት ማሳ አሳየሁት። ከመንገዱ ዳር በሰልፍ የሚሄዱ ግመሎች አሳየሁት። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል በትህትና።

ቀጥሎ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «መናኸሪያ ሲደርሱ እዚያ ያውርዱኝ» አለኝ። «መኪናዬን እዚያ ትቻት ነው የመጣሁት። ሰው እንዳይወስዳት።»

«እሺ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ቴፑን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ድምፁ እንዲሸፍንልኝ የፈለግኩት ነገር ነበር።

መንገዱ ወደ አንድ ድልድይ ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ በጋ ስለሆነ ውሃ የሌለው፣ ድንጋይ ብቻ የሞላበት ወንዝ ነው። ያኔ አባቴ ቀኝ እጁን አነሳ። ቀስ ብሎ መዳፉን ጣራው ላይ አደረገ። ጣቶቹ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጡ። መኪናው ስላረገረገ የሚይዘው ነገር የፈለገ መሰለኝ። ግን ፊቱን አየሁት። ግንባሩ ተቋጥሯል፤ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው።

«ወራጅ አለ» አለ።

ምንም አልሰማሁም። ኤሲው ይነፍሳል፣ ቴፑ ይዘፍናል።

«አባባ፣ የሚወርድ ሰው የለም።»

«ወራጅ አለ እኮ ነው የምልህ! አቁም!»

አንቱ ቀርቷል። ድምፁ በልጅነቴ የማውቀው፣ ረዳቱን ሲቆጣ የሚጮህበት ድምፅ ነው። ሳላስብ እግሬ ፍሬኑ ላይ አረፈ። መኪናው ወደ ቀኝ አጋደለ፤ ከኋላ ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማኝ። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ቆመ።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ የመታኝ ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ጩኸቱ።

«ያ አላህ! ያ አላህ! አንተ ሰውዬ፣ ጆሮ የለህም?!» ባትላሜራው ካሶኒው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኳል። ድምፁ ሰልሏል። የሁለት እጁ ቡጢ ቀልቷል። በገዛ እጁ የለበደውን ጣራ ሲደበድብ ነው የመጣው።

የኋላ ቀኝ ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ ተንጋዷል። አንድ ብሎን ብቻ ይዞታል፤ እሱም ጫፉ ላይ ነው። ሌሎቹ የሉም። ድልድዩ ላይ ገብተን ቢሆን ኖሮ ጎማው ወልቆ የት ይጥለን እንደነበር ለማየት ወደ ታች መመልከት ይበቃ ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። እኔ ያመጣሁት የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ የመኪናው ብሎን ደግሞ የድሮ ነው። አጥብቀነዋል፣ ግን አልነከሰም። ይህንን ሁሉ በሥርዓት አሰብኩ። ከዚያ ክሪኩን፣ የመኪና ማንሻውን፣ አውርጄ አስፋልቱ ላይ ተውኩት። የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ወረደ። ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየው። አልደነገጠም፤ መንገድ ላይ በየጊዜው የሚገጥም ነገር እንደሆነ ሁሉ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አደረገ።

«ከፊት ድንጋይ አስገባ» አለኝ። አስገባሁ። ከዚያ ወደ ባትላሜራው ቀና አለ። «አንተ ደግሞ ምን ያስጮህሃል? ገበያው አያመልጥህም።»

«ጋሼ» አለ ባትላሜራው እጁን እያራገበ፣ «ገበያውስ ይቅር። እኔ ነፍሴ አምልጣ ወንዝ ውስጥ እየፈለግኳት ነው።»

አባቴ ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝና ፊቴን አዞርኩ።

ከሌሎቹ ጎማዎች አንዳንድ ብሎን ፈትተን ጎማውን መለስነው። እግረኛ በሚቀድመው ፍጥነት ወደ ሮቢት አዘገምን። ባትላሜራው ካሶኒው ላይ አልወጣም፤ «እኔ ይሄን መኪና ከሩቅ ነው የምወደው» ብሎ በባጃጅ ተከተለን። ቴፑን አጥፍቼ መስኮቱን ከፍቻለሁ።

«አባባ፣ እንዴት ሰማኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሲመታ። ጣራውን።»

አየኝ። እጁ ጉልበቱ ላይ ተመልሷል። «ማን መታ?» አለ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «መናኸሪያ ሲደርሱ ያውርዱኝ» አለኝ።

በዚያች አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ደነገጥኩ፤ አንዴ በጎማው፣ አንዴ በዚህ «ያውርዱኝ»። የትኛው እንደሚብስ ዛሬም አላውቅም።

ቤት እንደገባን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «መዳፉን ጣራው ላይ አደረገ?» ብላ ስለዚያ ብቻ ጠየቀችኝ። «አዎ» ስላት «እሱ ድሮም ወራጅ የሚሰማው በመዳፉ ነው» ብላ ተነስታ የኩሽና ቢላ አምጥታ ሰጠችኝ።

ቆዳውን ከዳር ጀምሬ ቀደድኩት። ስፖንጁን በቁርጥራጭ አወጣሁት። ባትላሜራው እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ በርጩማ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ የሰው ሬሳ ሲገነዝ የሚያይ ነው የሚመስለው። በነጋታው ቸርኬዎቹ ወልቀው የድሮዎቹ ተመለሱ።

«ጉድጓዱንም መልስልኝ» አልኩት።

«የቱን ጉድጓድ?»

«የጣራውን። ከሾፌሩ በላይ የነበረውን።»

መዶሻውን አገላብጦ አየው። «ወላሂ» አለ፣ «ዕድሜ ልኬን የሰው መኪና ሳቃና ኖሬ፣ ያቃናሁትን ቀጥቅጥ ያለኝ አንተ ነህ። ካራቆሬ ቢሰሙ መዶሻዬን ይቀሙኛል።» አላስገደድኩትም። ሊሄድ ዕቃውን ከሰበሰበ በኋላ ግን ተመልሶ መጣ፤ ጋቢናው አጠገብ ቆመና ያበጠ እጁን ጨብጦ ጣራውን አንዴ፣ በኃይል መታው። «እነሆ፣ ወርጃለሁ» አለኝ። ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል።

መኪናው አሁን ማንጎው ሥር፣ በወይን ጠጅ ቀለሙ ቆሟል። ቁልፉ እናቴ ዘንድ ነው። አባቴ ከቁርስ በኋላ ገብቶ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ወደ መናኸሪያ መሄዱን ትቷል። ጎረቤት በአጠገቡ ሲያልፍ ሰላም ለማለት ጣራውን ይመታል፤ እሱም ፍሬን ይረግጣል።

ባለፈው ስወርድ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ። መሪው ላይ ነበር። አንድ እጁ መሪው ላይ፣ አንድ መዳፉ ባዶው ቆርቆሮ ላይ።

«አባባ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ይህን ጊዜ አንቱ አላለኝም፤ ፊቱ በራ፣ ሲጠብቀኝ የነበረ ሰው ፊት ሆነ። ዓይኑ ውስጥ ማወቅ ነበር።

«የት ነው የቆየኸው፣ አንተ ረዳት?» አለኝ። «ሰው ሞልቷል እኮ። በል የኋላውን ዝጋና ውጣ።»

እናቴ ከኩሽናው በር ሆና ታየናለች።

ዞሬ የካሶኒውን ሳንቃ ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያውን መታ አድርጌ አጠበቅኩ። ላዩ ላይ ወጥቼ ከጋቢናው ጀርባ ቆምኩ። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሏል። ባትላሜራው ጎድጎድ ያደረጋት ቦታ ላይ በጨበጥኩት እጄ ሁለቴ መታሁ።

ከሥሬ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ፣ ማርሹ ሲገባ ሰማሁ።